የእትዬ ሙሉዬ ተራ

ምንም ነገር ከመለወጡ በፊት የፍተሻው ጠረጴዛ እንዲህ ነበር። ርዝመቱ አምስት ሜትር ይሆናል። ላዩ ለስላሳ ላሜራ የተለበጠ ነው። የተዘረጋው በሰሜን በኩል ባለው ትልቅ መስኮት ሥር ነው፤ በዚያ በኩል የሚገባ ብርሃን ጥላ አያበዛምና። ከሽመና ክፍል የሚመጣው የሱፍ ብርድ ልብስ በግራው ጫፍ ይገባና በቀኙ ይወጣል። በመካከሉ አራት ሴቶች ይቆማሉ።

አመተ ማርያም ጠርዙን ታያለች። ስንታየሁ የተዘለለ ማግ ወይም የተበጠሰ ድር እንዳለ ታያለች። ፅጌረዳ ቀለሙን ታያለች። መጨረሻ ላይ የሚቆሙት እትዬ ሙሉዬ ግን አያዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ብርድ ልብሱን ከዳር እስከ ዳር በእጃቸው ይዳስሱታል። ሦስቱን ያመለጣቸውን የእሳቸው እጅ ያገኘዋል። ከዚያ ካርድ ያስሩበታል፤ እንከን ከሌለበት ነጭ፣ ካለበት ሰማያዊ። ነጩ ወደ ገበያ ይወጣል። ሰማያዊው በቅናሽ ይሸጣል፤ ከእሱም ጥቂቱ ጡረታ ለሚወጡ ሠራተኞች ስጦታ እንዲሆን መጋዘን ይቀመጣል።

ፋብሪካው ደብረ ብርሃን ዳር ላይ ነው። እትዬ ሙሉዬ ከጎረቤላ መጥተው ሲቀጠሩ ሃያ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ አሁን ሃምሳ ሰባት ሞልቷቸዋል። ባላቸው ቀድሟቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። «እኔን የሚጦረኝ ደመወዜ ነው» ይላሉ፣ ስለ እርጅና ወሬ ሲነሳ። ጎረቤላ ላይ ከእናታቸው የወረሱት ቤት አላቸው፤ ጣሪያው ያፈስሳል እንጂ ግድግዳው ደህና ነው። ጡረታ ሲወጡ እዚያ ገብተው የማንንም እጅ ሳያዩ መኖር ነው ሐሳባቸው። ጡረታቸው የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዛቸው ነው፤ እነዚያ ሦስት ዓመታት ደግሞ የሚጀምሩት በመጪው ሐምሌ ነበር። ከአራቱ ይህን የማታውቅ አልነበረችም።

ፋብሪካው በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ያስሞላል። እያንዳንዷ ሠራተኛ ለጠረጴዛ ጓደኞቿ ነጥብ ትሰጣለች። ከየጠረጴዛው አንደኛ የወጣችው አንድ እርከን የደመወዝ ጭማሪና ቦነስ ታገኛለች፤ የቀሩት ምንም። ሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ያገኙበት ምዘና ከሄደ ደግሞ ፎርማኑ ይመልሰዋል። «የሚመራና መጨረሻ የሚወጣ የሌለበት ሩጫ የት አይታችኋል?» ይላል።

አራቱ ሴቶች ሩጫ ላይ አልነበሩም። አንዷ ያሳለፈችውን ሌላዋ ትይዛለች፤ አንዷ ስትታመም ሦስቱ የእሷን ቦታ ሸፍነው ይውላሉ። ማን ከማን እንደሚበልጥ ቢጠየቁ በእውነት አያውቁም። ስለዚህ ምዘናውን እቁብ አደረጉት። ፅጌረዳ ገና ሳትመጣ ነባሮቹ ዕጣ አወጡ፤ ተራ ያዙ። የዓመቱ ባለተራ አንደኛ ትወጣለች። የከርሞዋ ባለተራ ደግሞ ጅራት ትሆናለች። አንድ ሰው መጨረሻ መሆን ካለበት፣ ከርሞ የምትካሰው ብትሆን ይሻላል ብለው ነው። በዚያ ጠረጴዛ ጅራት መሆን አያሳፍርም ነበር። «ዘንድሮ ጅራት ነኝ» ያለች ሴት «ከርሞ የእኔ ነው» ማለቷ ነው።

እትዬ ሙሉዬ ሦስት ዓመት በተከታታይ ጅራት ሆነዋል።

እቁብ ላይ ችግር የገጠመው ሰው ካለ ባለተራው ይለቅለታል፤ ይህ ያለ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የስንታየሁ ባል በመኪና አደጋ ሞተባት፤ እትዬ ሙሉዬ ተራቸውን ለቀቁላት። በሁለተኛው ዓመት የአመተ ማርያም አባት ቄስ ገብረአማኑኤል አንኮበር ላይ ታመው አዲስ አበባ ለሕክምና ወረዱ፤ ለእሷ ለቀቁ። ሦስተኛዋ ፅጌረዳ ናት።

ፅጌረዳ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ናት። ደብረ ብርሃን ስትደርስ ሴት ልጇን ማኅደረማርያምን በጀርባዋ አዝላ፣ አንድ ፌስታል ይዛ ነበር። መጠለያው ድንኳን ነው። ቀን ቀን ሌላው ሰው የሚለብሰውን ብርድ ልብስ ስትመረምር ትውልና ሲመሽ ነፋስ የሚያንኳኳው ሸራ ሥር ትገባለች። ልጅቷ ከጥቅምት ጀምራ ትስል ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት ከሰጠ በኋላ «ግን ከዚህ ብርድ ካላወጣሻት መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?» አላት። ይህን ለማንም አልተናገረችም። እትዬ ሙሉዬ ግን ሰኔ ላይ ምዘናው ሊሞላ ሲል ካርድ እያሰሩ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፦

«ዘንድሮ አንደኛዋ ፅጌረዳ ናት» አሉ።

«እንዴ! እኔ እኮ እቁቡ ውስጥ የለሁም፣ እትዬ ሙሉዬ።»

«እኔ አለሁበት። ተራው የእኔ ነው፤ ለፈለግሁት እሰጣለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ብዬ ልመልሰው?»

«አላበደርኩሽም እኮ። የሚመለሰው ብድር ነው።»

ስንታየሁ ሳቀች። ቀልደኛዋ እሷ ናት። «እትዬ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። እስክሻር ገና ነኝ።»

ፅጌረዳ በዚያ ጭማሪ ጠባሴ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። መሬቷ ሲሚንቶ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ በሯ ግን ግጥም ብሎ የሚዘጋ ነው። በወሩ የልጅቷ ሳል ቆመ።

በአራተኛው ዓመት ሰኔ ላይ የባል ሞት አልነበረም፤ የታመመ አባት አልነበረም፤ የሚያስል ልጅም አልነበረም። እትዬ ሙሉዬ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «በሉ እንግዲህ፣ ዘንድሮ የራሴን እበላለሁ» አሉ። ሦስቱም አጨበጨቡ። ለእሳቸው ከፍተኛውን ነጥብ ሞሉ። ስንታየሁ የከርሞ ባለተራ ስለሆነች ጅራት ሆነች። «እሰይ! ለእኔም ጭራ በቀለልኝ» አለች።

በዚያው ሰሞን ወልደኪዳን የሚባል አዲስ የሰው ሀብት ኃላፊ መጣ። ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ቀጭን፣ ሲያዳምጥ አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። በሳምንቱ የዘበኞቹን ስም ሁሉ አወቀ። አባቱ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ መምህር ነበሩ፤ ዘመድ ያላቸው በሹመት እያለፏቸው እሳቸው እዚያው የቀሩ። ስለዚህ አድልዎ የሚባል ነገር ያንገሸግሸዋል። ያለፉትን ምዘናዎች አገላብጦ አንድ ነገር አስተዋለ፤ በብዙ ጠረጴዛዎች አንደኛ የሚወጣው ሰው በየዓመቱ ይለዋወጣል። ሠራተኛውን ክበብ ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

«የአንድ ዓመት ውጤት በዕድልም በዝምድናም ሊመጣ ይችላል። ዘንድሮ የምንወስደው የዚህን ዓመትና ያለፉትን ሦስት ዓመታት አማካይ ነው። አንድ ዓመት ሊዋሽ ይችላል፤ አራት ዓመት ግን አይዋሽም። በአማካይ አንደኛ የወጣ ሁለት እርከንና ቦነስ ያገኛል። በአማካይ መጨረሻ የወጣ ለሦስት ዓመት እርከን አይጨመርለትም።»

ሰው አጨበጨበ። ትክክል ነበርና። ፅጌረዳም አጨበጨበች፤ እጇ አየር ላይ እንዳለ ግን የተባለው ገባት። ዞር ብላ አየች። እትዬ ሙሉዬ አላጨበጨቡም። ሻያቸውን በማንኪያ ያማስሉ ነበር፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ዝናብ እየጣለ ስለነበር ሰው ከቆርቆሮው ታዛ ሥር ተጠጋግቶ ነበር የሚያነበው። የፍተሻ ጠረጴዛ፦ አንደኛ ፅጌረዳ። ሌሎቹ አራት ዓመት ሲደመርላቸው እሷ የተመዘነችው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ እትዬ ሙሉዬ የለቀቁላት ዓመት ነው። መጨረሻ ሙሉዬ። ከስማቸው ትይዩ «እርከን የለም» ይላል።

እትዬ ሙሉዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ እንደገና አጥልቀው አነበቡ። ከዚያ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድም እንከን አላመለጣቸውም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት አራቱም ክበቡ ጥግ ተቀመጡ። ፅጌረዳ ምግቧን አልነካችም።

«እንሂድና እንናገር» አለች። «እውነቱን እንናገር፤ ያስተካክሉታል።»

«ምን ብለን?» አለች አመተ ማርያም። የቄስ ልጅ ናት፤ ቃል ስታወጣ መዝና ነው። «አራት ዓመት ሙሉ ፈርመን ዋሽተናል ብለን? የወሰድነውን እርከን ያስመልሱናል። አባቴን ያሳከምኩበትን ከየት አምጥቼ ነው የምመልሰው?»

«እኔስ?» አለች ስንታየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣላትም። «ሁለት ልጅ ብቻዬን ነው የማሳድገው።»

«እሳቸውስ?» አለች ፅጌረዳ። «ሦስታችንም በልተናል። እሳቸው አልበሉም።»

እትዬ ሙሉዬ እንጀራውን ጠቅልለው ለፅጌረዳ አጎረሷት። እምቢ ማለት አልቻለችም፤ ጎረሰች።

«አፍሽ ሲሞላ ትንሽ ዝም ትያለሽ ብዬ ነው» አሉ። ስንታየሁ ፈገግ አለች። እሳቸው ግን ፈገግ አላሉም። «ስሙኝማ። ተራዬን ስለቅ ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም። እንዲህ ይመጣል ብዬም አላሰብኩም፤ የቆጠርኩት ከፊቴ ያለውን ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። አሁን አፋችሁን ያዙ፤ ሥራችሁንም ያዙ።»

«እትዬ ሙሉዬ፣ የጡረታዎ ሦስት ዓመት እኮ…»

«አውቃለሁ። ጡረታው የእኔ አይደል እንዴ?»

ፅጌረዳ ሁለት ቀን አፏን ያዘች። በሦስተኛው ቀን ልጇን ለጎረቤት ትታ፣ ፈረቃዋ ከመግባቱ በፊት፣ ወልደኪዳን ቢሮ ገባች። ሁሉንም ነገረችው። የእቁቡን አሠራር፣ ጅራት የምትሆነው የከርሞዋ ባለተራ መሆኗን፣ ሦስቱ ዓመታት ለማን ለማን እንደተለቀቁ። የሌሎቹን ስም ላለመጥራት አስባ ነበር፤ ግን ሳይጠሩ ነገሩ አይገባም።

ወልደኪዳን አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ይህን ስትናገሪ ምን እንደምታጪ ታውቂያለሽ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ሁለቱን እርከን ብቻ አይደለም። ያምናውንም ጭምር ነው። ሐሰተኛ ምዘና ለሞላ ደግሞ ደንቡ ስንብት ነው የሚለው። አንቺም፣ ጓደኞችሽም።»

ይህን አላሰበችውም ነበር። «እትዬ ሙሉዬ መጨረሻ የሚወጡ ሰው አይደሉም» አለች። «እኛ ሦስታችን ያመለጠንን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ይፈትኑት። በወረቀት አይፍረዱ፤ እጃቸውን ይዩ።»

ወልደኪዳን ሐሳቡን ወደደው። የሚለካ ነገር ይወዳል። ከሽያጭ ክፍል ሦስት ብርድ ልብሶች አስመጣ፤ ከመካከላቸው አንዱ ደንበኛ እንከን አግኝቶበት የመለሰው ነው። የቱ እንደሆነ ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ አነባበራቸውና እትዬ ሙሉዬን አስጠራ።

ሲገቡ ፅጌረዳን አዩ። ከዚያ ብርድ ልብሶቹን አዩ። ፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

«ይቀመጡ፣ እናቴ» አለ ወልደኪዳን።

«ቆሜ ነው የለመድኩት።»

ያላንዳች ማድበስበስ ነገራቸው። ፅጌረዳ ያለችው እውነት ከሆነ የእሳቸው ውጤት እንደሚስተካከል፣ ተጎጂ ስለሆኑ ደንቡ እሳቸውን እንደማይነካ፣ እርከኑም እንደሚጨመርላቸው። ሦስቱ ግን የወሰዱትን መልሰው እንደሚሰናበቱ። ለመፍረድ አለመቸኮሉ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር። ማወቅ ብቻ ነው የፈለገው።

«ምንድን ነው የምትለው እሷ?» አሉ እትዬ ሙሉዬ።

«የእርስዎን ያህል የሚችል የለም ነው የምትለው። በእጅዎ ይለዩት እስቲ፤ ከሦስቱ አንዱ እንከን አለበት።»

እትዬ ሙሉዬ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያውን ዳሰሱ፤ ንጹሕ ነው አሉ። ሁለተኛውን ጀመሩ።

ፅጌረዳ ዓይኗን ከጣቶቻቸው አልነቀለችም። ሥራ ያስተማሯት እነዚህ ጣቶች ናቸው። «የመሃል ጣት ይቸኩላል» ይሏት ነበር፤ «ትዕግሥት ያለው የቀለበት ጣት ነው። እሱ ሲቆም አንቺም ቁሚ።» እጃቸው ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ወደ ቀኝ ዞረ። ብርድ ልብሱ መሃል ሲደርስ የቀለበት ጣታቸው ቆመ። የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ቆመ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ያገኘውን ነገር አንዴ ነካ አደረገ።

እጁ አለፈ።

«ይኼም ንጹሕ ነው» አሉ እትዬ ሙሉዬ። ሦስተኛውን ዳሰሱና ከአንዱ ማዕዘን ላይ፣ ምንም በሌለበት፣ ጣታቸውን አኖሩ። «እንከኑ እዚህ ጋ ይመስለኛል።»

ወልደኪዳን ሁለተኛውን ገልጦ መሃሉን ለብርሃን ዘረጋው። የተዘለለው ማግ በግልጽ ይታይ ነበር።

«ልጅ ናት» አሉ እትዬ ሙሉዬ፣ ዓይናቸውን ገልጠው። «አዝናልኝ ነው፤ አይፍረዱባት። እቁብ ምናምን ያለችው ሁሉ የለም። ውጤቱ ትክክል ነው። እጄ ደክሟል፤ አርጅቻለሁ። ጓደኞቼ ሦስት ዓመት ያዩትን ነው የሞሉት።»

«እትዬ ሙሉዬ!» አለች ፅጌረዳ። «ጣትዎ ቆሞ ነበር! አይቻለሁ!»

«ሥራ ግቢ፣ ልጄ። ፈረቃሽ ደርሷል።»

ወልደኪዳን አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየ። የጠረጠረ ይመስል ነበር። ግን የጠየቀውን ፈተና አግኝቷል፤ መልሱም ፊቱ ተዘርግቷል። ነገሩ በዚህ ተዘጋ፤ ፅጌረዳንም አልቀጣትም። ሆኖም እንከን የማይለይ እጅ በመጨረሻው የፍተሻ ቦታ ሊቆም አይችልም። በሳምንቱ እትዬ ሙሉዬ ጥሬ ሱፍ ወደሚለይበት ክፍል ተዛወሩ። ደብዳቤውን ሲሰጣቸው «ለእርስዎም ይቀልልዎታል፤ እዚያ ተቀምጦ ነው የሚሠራው» አላቸው። ከልቡ ነበር።

ፈተናው የተደረገ ዕለት ማታ፣ ከሥራ ሲወጡ፣ ፅጌረዳ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ገብቶ ነበር። ባጃጆች ጭቃውን እየረጩ ያልፋሉ። ጎን ለጎን ትንሽ ሄዱ።

«ለምን?» አለች ፅጌረዳ።

እትዬ ሙሉዬ ተቆጥተው ነበር፤ አካሄዳቸው ያስታውቃል። «የሰጠሁሽን ወስደሽ ቢሮ ጣልሽው» አሉ። «የእኔን ብቻ ቢሆን ደህና። የስንታየሁን ልጆች እንጀራ፣ የአመተ ማርያምን… ማን ጣይ አለሽ?»

«የእርስዎን ላስመልስ ብዬ ነው። ፍትሕ ስላልሆነ ነው።»

«አዎ፤ ፍትሕ አይደለም።»

ጠባሴ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጅቷ ታስላለች?»

«አታስልም።»

«እንግዲያው» አሉ እትዬ ሙሉዬ። ነጠላቸውን አጣፍተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ እቁብ የሚል ቃል ያነሳ የለም። ስንታየሁ ከርሞ ተራዋን አልጠየቀችም። አራተኛ ሆና አንዲት አዲስ ልጅ ተቀጠረች። በየሰኔው ምዘናውን ሁሉም ለብቻው፣ ክንዱን እንደ ተማሪ ጋርዶ፣ ይሞላ ጀመር። በቀኙ ጫፍ፣ በእትዬ ሙሉዬ ቦታ፣ የቆመችው ፅጌረዳ ናት።

የሱፍ መለያው ክፍል ከግቢው በስተኋላ ነው። መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ከመንዝና ከሌላም አገር የሚመጣው ሱፍ ከነአቧራውና ከነእሾሁ ይራገፍበታል። እትዬ ሙሉዬ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነጩን ከጥቁሩ፣ ረጅሙን ከአጭሩ ይለያሉ። በሁለተኛው ዓመት ሳል ጀመራቸው። ፅጌረዳ በምሳ ሰዓት እየሄደች አጠገባቸው ትቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ይሏት ነበር፤ ኋላ ስለ ልጅቷ መጠየቅ ጀመሩ፤ ትምህርት ቤት መግባቷን፣ ጥርሷ መነቀሉን። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አላነሱም። ፅጌረዳ በየወሩ ከደመወዟ ጥቂት ቀንሳ ልትሰጣቸው ሞክራ ነበር። ገንዘቡን ከእጇ ተቀብለው መልሰው ኪሷ ከተቱት፤ ኪሱንም በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ጡረታ ወጡ። ጡረታቸው የተሰላው ያ ውጤት ሰሌዳው ላይ ከመለጠፉ በፊት ይከፈላቸው በነበረው ደመወዝ ነው።

ከመሸኘታቸው በፊት በነበረው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ፅጌረዳ እጅ ላይ አንድ ግራጫ ብርድ ልብስ ደረሰ። ዳሰሰችው። ዞራ እንደገና ዳሰሰችው። የቀለበት ጣቷ የትም አልቆመም። አመተ ማርያምን «ጠርዙን ድገሚልኝ» አለቻት። ደገመችላት፤ ደህና ነው። ስንታየሁ ለብርሃን ዘርግታ ድርና ማጉን አየች፤ ደህና ነው። ሦስቱም ለምን እንደሚያዩት አልተነጋገሩም። ፅጌረዳ ሰማያዊ ካርድ አወጣችና አሰረችበት። በሥራ ዘመኗ ያሰረችው ሐሰተኛ ካርድ ይህ ብቻ ነው። ወደ ስጦታው መጋዘን ይዛው የሄደችው ራሷ ናት።

ሽኝቱ ክበቡ ውስጥ ነበር። ለስላሳ ተከፈተ፤ ዳቦ ተቆረሰ። ወልደኪዳን አጭር ንግግር አደረገ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ቀልድ አይደለም አለ። ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። እትዬ ሙሉዬ ተቀብለው ካርዱን አዩት፤ ሰማያዊ። ደንቡን ያውቁታል። የፕላስቲኩን አፍ ከፈቱ፤ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰው ወሬውን አቋርጦ ያያቸው ጀመር። እጃቸው ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ወደ ቀኝ ዞረ፤ መሃሉን አለፈ። በሱፉ አቧራ ጣታቸው ሰንጥቋል፤ ግን አካሄዱ ያው ነው፣ አይቸኩልም። እስከ ወዲያኛው ጠርዝ ደርሶ ተመለሰ። የቀለበት ጣታቸው አልቆመም።

ዓይናቸውን ገልጠው ፅጌረዳን ፈለጓት። በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«እጄ እውነትም ደክሟል» አሉ። «እንከኑን አጣሁት።»

ሰው ሳቀ። ስንታየሁ አልሳቀችም፤ አመተ ማርያምም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ወልደኪዳን ፈገግ ብሎ ሊያጨበጭብ እጁን ካነሳ በኋላ ግን ቆም አለ። ብርድ ልብሱን አየ፤ እጃቸውን አየ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሙሉዬ ብርድ ልብሱን ታቅፈው በሚኒባስ ወደ ጎረቤላ ወረዱ። ግራጫ ነው፤ ሁለት ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከስልሳ፤ ሰማያዊ ካርድ ታስሮበታል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድም እንከን የለበትም።